ርእሰ አንቀጽ፦ ከላቦራቶሪው መዝገብ የሚቀዳው ቍጥር

የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት በደረሰ ቍጥር በማስተማሪያ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ደጃፍ አንድ የታወቀ ትርዒት ይታያል። ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎችና ሬዚደንቶች፥ አንዳንድ ጊዜም መምህራን ሳይቀሩ፥ ፍላሽ ዲስካቸውን በኪሳቸው ይዘው ይቆማሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የሦስት ዓመቱን የኩላሊት ምርመራ ውጤት ከኮምፒዩተሩ አውጥታችሁ ስጡን» ይላሉ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሌሊቱን በተረኝነት ያደረ ሊሆን ይችላል። ከፊቱ ደም የያዙ ቲዩቦች ተደርድረዋል፤ ስልኩ ይጮኻል፤ ከድንገተኛ ክፍል የተላከ ሰው በመስኮቱ በኩል ቆሞ ይጠብቃል። እንግዲህ ባለሙያው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ተቈጥቶ ይመልሳቸዋል፥ ወይም ለመገላገል ሲል ያለውን ሁሉ ከነስሙ ከነካርድ ቍጥሩ ገልብጦ ይሰጣቸዋል። ሁለቱም መልስ ደግ አይደለም። ቍጣው መልካም ጥናትን ገና ሳይወለድ ያስቀራል፤ ግልበጣው ደግሞ ክፉ ጥናትን ያስወልዳል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ውስጥ የተከማቸው ውጤት ለምርምር መዋል የሚገባው ነው፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ከዋለው አብልጦ ሊውል ይገባዋል ብለን እናምናለን። ነገር ግን ያ ውጤት የተሠራው ለጥናት ሳይሆን ለበሽተኛው ነው። ለሌላ ሥራ ልንዋሰው ስንነሣ ሦስት ግዴታ ይከተለናል፤ ቍጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ ማወቅ፥ የበሽተኛውን ምስጢር መጠበቅ፥ ቍጥሩን ያስገኘውን ባለሙያ የሥራው ተካፋይ ማድረግ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ጥናት ዲግሪ ያሰጥ ይሆናል እንጂ እውቀት አይሆንም። በዚህ እትማችን ልንናገር የወደድነው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ለሌሎች ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እናስረዳ። የላቦራቶሪ የመረጃ ሥርዓት የሚባለው ኮምፒዩተር ሐኪሙ ያዘዘውን ምርመራ ይቀበላል፤ ለናሙናው ቍጥርና ባርኮድ ይሰጣል፤ ናሙናው የት እንደ ደረሰ ይከታተላል፤ መርማሪው መሣሪያ ያወጣውን ውጤት ይረከባል፤ ባለሙያው አይቶ ሲያጸድቀው ወደ ዋርዱ ይልካል። ይህ ሁሉ በየደቂቃው የሚሠራው ሐኪሙ ትክክለኛውን ውጤት ለትክክለኛው በሽተኛ በጊዜው እንዲያገኝ ነው። ይህን ሲያደርግ ሳለ ግን በእግረ መንገዱ ትልቅ ጎተራ ይሞላል።

የዚህን ጎተራ ዋጋ አናሳንስም። ተመራማሪው ገንዘብ በሌለው አገር አዲስ ደም ሳይቀዳ፥ አዲስ ሬጀንት ሳይገዛ፥ አንድ ጊዜ የተሠራው ምርመራ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። አንድ ጀርም የትኛውን መድኃኒት እየለመደ እንደ ሄደ፥ የስኳር በሽተኞቻችን በየስንት ጊዜው እንደሚመረመሩ፥ አንድ ምርመራ ከታዘዘ ጀምሮ ስንት ሰዓት ወስዶ ዋርድ እንደሚደርስ ለማወቅ ከዚህ የቀረበ ምንጭ የለም። ቀድሞ አንድ ተማሪ ይህን ለማጥናት ትልልቅ የወረቀት መዝገቦችን እየገለጠ በእጁ መገልበጥ ነበረበት። ዛሬ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ፈተናውም ከዚሁ ይመጣል፤ በእጁ የገለበጠው ቢያንስ እያንዳንዱን መስመር ያየው ነበር፤ በደቂቃ የተቀበለው ግን አንዱንም ሳያይ ወደ ስሌቱ ይገባል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት ለዚህ ነገር ጥሩ ትምህርት ነው። ተመራማሪዎቹ በ2005 እና በ2006 መካከል ባለው አንድ ዓመት በቦስተን ከተማ በሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች የታከሙ 669,452 ሰዎችን መዝገብ መረመሩ፤ 272 ዓይነት የላቦራቶሪ ምርመራዎችንም ተመለከቱ። ያገኙት ነገር ብዙውን አንባቢ ያስደነቀ ነው። ከ272ቱ ምርመራዎች በ233ቱ፥ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፥ ምርመራው መታዘዙ ብቻውን በሽተኛው ከመኖሩ ወይም ከመሞቱ ጋር ዝምድና ነበረው። እንደገናም ካወዳደሯቸው 174 ምርመራዎች ውስጥ በ118ቱ ከውጤቱ ይልቅ ምርመራው የታዘዘበት ጊዜ የበሽተኛውን ዕድል አሻሽሎ ተነበየ።

ምክንያቱ አስማት አይደለም። ሐኪም በእኩለ ሌሊት ደም የሚያዝዘው የሚያሰጋ ነገር ሲያይ ነው። ስለዚህ በሌሊት የታዘዘ ምርመራ ውጤቱ ደኅና ቢሆን እንኳ በሽተኛው የታመመ መሆኑን ይናገራል። የላቦራቶሪው መዝገብ የሰውን ገላ ብቻ አይመዘግብም ማለት ነው፤ የሐኪሙን ሐሳብ፥ የሆስፒታሉን ልማድ፥ የአቅርቦቱን ሁኔታ ጭምር ይመዘግባል። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ የሐኪሙን ስጋት የበሽታው ጠባይ አድርጎ ይጽፋል።

ይህ በቦስተን እንዲህ ከሆነ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ይበረታ ይሆን? የእኛን አገር ሰዓት እንውሰድ። ነርሷ ከጧቱ 3 ሰዓት ደም ቀድታ በቲዩቡ ላይ «3 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የፈረንጅን ሰዓት ነው። ጸሐፊው ሳያስብ 3 ብሎ ካስገባው የጧቱ ተመላላሽ በሽተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተመረመረ ሰው ሆኖ ይቀመጣል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። «በ1960 ተወለድሁ» ያለ ሰው ቍጥሩ እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። የኩላሊት የማጣራት ዐቅም የሚሰላው ዕድሜን ጨምሮ ስለሆነ፥ ኩላሊቱ ባለበት ሳለ በወረቀት ላይ ይደክማል።

ስምም ሌላ ጣጣ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በፈረንጅ ፊደል አንዱ ጸሐፊ በቲ ይጀምረዋል፥ ሌላው በኤስ። በአማርኛ ቢጻፍም በጸሎቱ «ጸ» ወይም በፀሐዩ «ፀ»፥ በሐመሩ «ሐ» ወይም በሃሌታው «ሃ» እየተባለ አንዲት ሴት ሦስት ሴት ትሆናለች። ካርዷ የጠፋባት እንደሆነም አዲስ ካርድ ይወጣላትና ሌላ ሰው ትሆናለች። በአንጻሩ ደግሞ በዋርድ ተኝቶ በየቀኑ ደሙ የሚመረመር አንድ በሽተኛ በመዝገቡ ሠላሳ መስመር ይይዛል፤ መስመር እንጂ ሰው የማይቈጥረው ተማሪም ሠላሳ በሽተኛ አገኘሁ ይላል። እጅግ የታመመው እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚመረመር አገሩ ሁሉ የታመመ ይመስላል።

ከእኛው መካከል የደረሰውን ብንናገር አያሳፍረንም። አንድ ጓደኛችን የክሬያቲኒን ውጤት ሰብስቦ ሲሠራ፥ በመካከል እስከ መቶ የሚደርሱና ከመቶም የሚያልፉ ቍጥሮች አጋጠሙት። በሚያውቀው መለኪያ የጤነኛ ሰው ክሬያቲኒን 1 ገደማ ስለሆነ፥ ከ20 በላይ የሆነውን ሁሉ የጽሕፈት ስሕተት ነው ብሎ ሰረዘው። ጽሑፉን ሊያቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ሠንጠረዡን አይታ «ያለፈው ዓመት በሽተኞች የት ሄዱ?» ስትል ጠየቀችው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ላቦራቶሪው መሣሪያ ለውጦ ነበር። አሮጌው በሚሊግራም በዴሲሊትር፥ አዲሱ በማይክሮሞል በሊትር ይጽፋል፤ የመጀመሪያው 1 በሁለተኛው 88.4 ነው። ጓደኛችን የሰረዘው ስሕተት ሳይሆን የአንድ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ነበር። መካሪው መምህርም አላዩትም ነበር፤ እኛም ብንሆን አናየውም ነበር።

የመለኪያው ልዩነት ከዚህ የባሰም ስውር ይሆናል። የደም ስኳር በአንዱ መለኪያ 126 ሲሆን በሌላው 7 ነው፤ ይህስ ወዲያው ይታያል። ነገር ግን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሳይለይ የቆየ ተራ ቲዩብ በየሰዓቱ ከስኳሩ ከመቶ አምስት እስከ ሰባት ያህል ያጣል፤ ሴሎቹ ይበሉታልና። ከሩቅ ዋርድ ዘግይቶ የደረሰ ናሙና 130 የነበረውን ከ126 በታች አውርዶ የስኳር በሽተኛውን ጤነኛ ያሰኘዋል። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ ሴሎቹ የፈነዱ እንደሆነ ደግሞ ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ይላል። ባለሙያው ይህን አይቶ «ናሙናው ተበላሽቷል» ብሎ በማስታወሻው ዐምድ ይጽፋል። ለጥናት ሲገለበጥ ግን ቍጥሩ ይወጣል፥ ማስታወሻው ይቀራል። መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በታች የሆነው ውጤትም «ከዚህ ያነሰ» ተብሎ በቃል ስለሚጻፍ በስሌቱ ጊዜ ወይ ይጠፋል ወይ ዜሮ ይሆናል። ተሳስቶ ወጥቶ የታረመ ውጤት እንደሆነ አሮጌውም አዲሱም አብረው ይወጣሉ።

ሬጀንት ሲያልቅ፥ መብራት ሲጠፋ፥ መሣሪያ ሲበላሽስ? ያን ሰሞን ምርመራው ወይ ከነአካቴው አይሠራም፥ ወይ ወደ ሌላ ቤት ይላካል፥ ወይ በወረቀት ይጻፋል። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ባዶነት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ «በዚያ ወር በሽታው ቀነሰ» ብሎ ይደመድማል። የቀነሰው ግን ሬጀንቱ እንጂ በሽታው አልነበረም።

ጤነኛውን ከበሽተኛ የሚለየው ወሰንም መጠየቅ አለበት። ከመሣሪያው ጋር አብሮ የመጣው ወሰን ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ሕዝብ የተወሰደ ነው። ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ብዙ ጤነኞች፥ ኢትዮጵያውያን ጭምር፥ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴላቸው ከአውሮፓውያን ወሰን በታች ሆኖ መገኘቱ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ በቀይ ያሰመረበትን ሁሉ በሽተኛ ብሎ የሚቈጥር ጥናት ጤነኛውን ሕዝብ ያሳምመዋል። የመድኃኒት ሙከራ ሲሆን ደግሞ ሊገባበት የሚገባውን ጤነኛ ሰው ከደጅ ይመልሰዋል።

እስካሁን የተናገርነው ቀድሞ ስለ ተመዘገበ ውጤት ነው። ሌላው ዓይነት ጥናት ሰዎችን በፈቃዳቸው መዝግቦ፥ ደማቸውን በየጊዜው እየቀዳ ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የሚልከው ነው። በዚህኛው ውዝግቡ ከመጀመሪያው ቲዩብ ይጀምራል። የጥናቱ ተሳታፊ በእውነተኛ ስሙ ቢመዘገብ፥ በዚያ ጥናት ውስጥ መኖሩን የይለፍ ቃል ያለው ሁሉ ያውቃል። በኮድ ብቻ ቢመዘገብስ? በሌሊት ፖታሲየሙ 7 ሆኖ ቢገኝ ይህ ልብን የሚያቆም አደጋ ነው፤ ተረኛው ባለሙያ ስልክ ያነሣል፤ ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ስም «ጥናት 014» ብቻ ነው። ለማን ይደውል? ምስጢር ጠብቀናል ስንል ሰው እንዳንገድል እንፈራለን።

የገንዘቡም ነገር አለ። ለጥናቱ የተሠራው ምርመራ ካልተለየ ሒሳቡ በበሽተኛው ወይም በጤና መድኑ ላይ ይወድቃል። ድሀው ለእኛ ዲግሪ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። የመድኃኒት ሙከራም ከሆነ፥ ማን እውነተኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ ሐኪሙም በሽተኛውም እንዳያውቁ የተባለለት የኮሌስትሮል ጥናት፥ የኮሌስትሮሉ ውጤት በዋርዱ ኮምፒዩተር ላይ በታየ ጊዜ ምስጢሩ ይገለጣል። በመሞከር ላይ ያለና ገና ያልተረጋገጠ አዲስ ምርመራም ውጤቱ ከመደበኛው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዋርድ ቢሄድ ሐኪሙ እውነት መስሎት መድኃኒት ያዝዝበታል።

ይህ ሁሉ መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱም ውድ አይደለም። የመጀመሪያው ቲዩብ ከመድረሱ በፊት ጥናቱ ራሱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደ አንድ ክፍል ይመዝገብ። የጥናቱ ቍጥር፥ ኃላፊው ሐኪም፥ በሌሊት የሚደወልበት ስልክ፥ ሒሳቡን የሚከፍለው፥ ወደ በሽተኛው ካርድ የሚሄደውና የማይሄደው ውጤት ተለይቶ ይጻፍ። ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ተቈልፎ፥ ለአደጋ ጊዜ ብቻ በታወቀ ሰው እጅ ይቀመጥ።

ወደ ምስጢር ጉዳይ እንመለስ። ብዙ ጓደኞቻችን «ስሙን ሰርዘነዋል፤ እንግዲህ ምን ቀረ?» ይላሉ። በ1990ዎቹ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስሙ እየተሰረዘ ለተመራማሪዎች ተሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪ የነበረችው ላታኒያ ስዊኒ የመራጮችን ዝርዝር በሃያ ዶላር ገዝታ ሁለቱን ብታስተያይ፥ በልደት ቀን፥ በጾታና በፖስታ አድራሻ ቍጥር ብቻ የግዛቲቱን ገዥ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣችው። ለገዥው ያልተረፈ ስም መሰረዝ በአንድ ወረዳ ብቸኛ ለሆነው የሥጋ ደዌ ወይም የኤች አይ ቪ በሽተኛ ምን ይጠቅመዋል? ቀበሌው፥ ዕድሜውና የተመረመረበት ቀን ካለ ጎረቤቱ ያውቀዋል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ፋይል ደግሞ አንድ ጊዜ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ሕጉም ዝም አላለም። የዓለም የሕክምና ማኅበር በ1964 በሄልሲንኪ ያወጣው መግለጫ በሰው ላይ ስለሚደረግ ጥናት፥ በ2016 በታይፔ ያሻሻለው ደግሞ በተለይ ስለ ጤና መረጃ ክምችትና ስለ ናሙና ማከማቻ ይናገራል። የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል አስገብቶታል። ስለዚህ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በፍላሽ የተቀዳ መዝገብ የወዳጅነት ስጦታ አይደለም፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም ዕዳ ነው።

«የምንመረቀው በሰኔ ነው፤ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ጊዜ የለንም» የሚሉ አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላቸዋለን። የአንድ ዓመት በሽተኞችን የሰረዘው ጓደኛችንም የቸኮለ ነበር። «እነዚህ ደንቦች የባለጠጋ አገር ቅንጦት ናቸው፤ ለድሀ አገር የሚያስፈልጋት ምርምር ነው» የሚሉም አሉ። እኛ የምናምነው ተቃራኒውን ነው። ባለጠጋው ሐኪሙን ካልወደደ ሌላ ይፈልጋል። ከገጠር መጥቶ በረንዳ ላይ ያደረው በሽተኛ ግን ክንዱን የሚዘረጋው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው። መምረጥ ያልቻለውን ሰው ከምንም በላይ ልንጠብቅለት ይገባናል።

ከወዲያ በኩል ደግሞ «ነገር ከሚመጣ ኮምፒዩተሩን መቈለፍ ይሻላል» የሚሉ የአስተዳደር ሰዎች አይጠፉም። ይህንንም አንቀበልም። ከ2001 እስከ 2012 በቦስተኑ ቤተ እስራኤል ዲያኮነስ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከታከሙ ከአርባ ሺህ በላይ ሰዎች የተሰበሰበው ሚሚክ የተባለ መዝገብ ዛሬ ለዓለም ተመራማሪዎች ክፍት ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤትም በውስጡ አለበት። ስሞቹ ወጥተዋል፤ የእያንዳንዱ በሽተኛ ቀናት ከእውነተኛው ዘመን እንዲሸሹ ተደርጓል፤ መረጃውን የሚሻ ሁሉ ስለ ሰው ጥናት ሥነ ምግባር ተምሮ የውል ወረቀት ይፈርማል። ቁልፍና በር አብረው የሚኖሩ ናቸው ማለት ነው። በር የሌለው ቁልፍ ግድግዳ ነው፤ ሌላው ቀርቶ በመስኮት የሚገባውን አያስቀረውም።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችንን ነገር በመጨረሻ ያነሣነው የመጨረሻ ስለሆነ አይደለም። በየጽሑፉ መጨረሻ «ላቦራቶሪውን እናመሰግናለን» የሚል አንድ መስመር እናያለን። ቍጥሩን ያወጣው፥ የተበላሸውን ናሙና የለየው፥ መሣሪያው የተለወጠበትን ቀን የሚያስታውሰው ሰው ግን በጥናቱ ዕቅድ ጊዜ አልተጠየቀም። ከላይ ከዘረዘርናቸው ወጥመዶች አብዛኛውን አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ በግማሽ ሰዓት ሊነግረን ይችላል። ሳንጠይቅ መቅረታችን ትዕቢት ካልሆነ ስንፍና ነው። የላቦራቶሪ ሳይንስ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ከሕክምና ተማሪው በታች ተላላኪ ተደርገው መታየታቸው ሊቀር ይገባል።

ስለዚህ የሚከተለውን ለፋኩልቲውና ለሆስፒታሉ አስተዳደር በአክብሮት እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የጥናት መረጃ የሚጠየቅበት አንድ የታወቀ ጠረጴዛና አንድ ቅጽ ይኑር። ጥያቄው የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ ይዞ ይምጣ፤ መልሱም ቀን የተቈረጠለት ይሁን። ደንብ አክባሪው ተማሪ ወር ሙሉ ሲጠብቅ አቋራጭ የሄደው ቀድሞ ከተመረቀ ደንቡን የሚያከብር አይገኝም።

ሁለተኛ፥ መረጃውን የሚያወጣው ለዚሁ የተመደበ ሰው ይሁን እንጂ የሌሊት ተረኛው አይሁን። ስምና የካርድ ቍጥር በኮድ ይተካ፤ ለጥያቄው የማያስፈልግ ዐምድ አይውጣ፤ የባለሙያው ማስታወሻ፥ የመለኪያው ዓይነትና የታረመው ውጤት ምልክት ግን አብረው ይውጡ።

ሦስተኛ፥ ላቦራቶሪው የለውጥ መዝገብ ይያዝ። መሣሪያ፥ ዘዴ፥ መለኪያ ወይም ወሰን የተለወጠበት ቀን፥ ሬጀንት ያለቀበት ሰሞን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪም ቅጂው ይሰጥ። ለእያንዳንዱ ምርመራ ሎይንክ የተባለውንና ከ1994 ጀምሮ በኢንዲያናፖሊስ የተሠራውን ዓለም አቀፍ መለያ ቍጥር መስጠትም ስማቸው ተመሳስሎ ዘዴያቸው የሚለያየውን ምርመራዎች ለመለየት ይረዳል።

አራተኛ፥ ሰው የሚመዘግብ ማናቸውም ጥናት ከላይ እንደ ተናገርነው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይመዘገብ አንድም ቲዩብ አይቀበሉለት።

አምስተኛ፥ የላቦራቶሪ መረጃ የሚጠቀም ጥናት ሁሉ ከዕቅዱ ጀምሮ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ በአማካሪነት ይኑረው፤ ድርሻው የጸሐፊነት በሆነ ጊዜም ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይጻፍ።

የተከበሩ መምህሮቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። የምናቀርበውን ሠንጠረዥ ሲመረምሩ ስለ ስሌቱ ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ «ይህ ቍጥር ከየት መጣ? ማን አዘዘው? በምን መሣሪያ ተለካ? ያልተመረመረውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። ብንደነግጥም ይጠቅመናል። አንድ ግማሽ ቀን በላቦራቶሪው ውስጥ ቆመን አንድ ቲዩብ ከመግቢያው እስከ ውጤቱ ስትጓዝ እንድናይ ማድረግም ከብዙ ሌክቸር ይበልጥ ያስተምረናል።

እኛ ተማሪዎችም ከራሳችን እንጀምር። ፈቃድ ያላገኘ ፋይል አንቀበል፤ የተቀበልነውን አናስተላልፍ፤ ያልገባንን ቍጥር ስሕተት ነው ብለን ከመሰረዛችን በፊት ባለሙያውን እንጠይቅ። ነገ ሐኪም፥ ነርስ፥ ፋርማሲስትና የላቦራቶሪ ኃላፊ የምንሆነው እኛው ነን። ዛሬ በእጃችን የሚወጣው የተሳሳተ ጥናት ነገ መመሪያ ሆኖ፥ መመሪያውም መድኃኒት ሆኖ፥ ያንኑ ደሙን የሰጠንን በሽተኛ ተመልሶ ያገኘዋል።

የሚቀጥለው የመመረቂያ ወራት ሳይደርስ መልስ እንጠብቃለን። የሚመለከተው ክፍል፥ በተለይም የላቦራቶሪው ባለሙያዎች፥ የምንስተውን እንዲያርሙንና የጎደለውን እንዲሞሉልን የዚህችን ጋዜጣ ገጽ ክፍት አድርገናል።